ሥሩን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ

ወርቃ ውስጥ ስለ እናቴ ግቢ ዋንዛ የሚወራው ነገር ግማሹ ብቻ ነው እውነት። አንድ ሞተር መጋዝ የያዘ ወጣት የማያውቀውን ሥራ ደፍሮ የጎረቤት ማድ ቤት አፈረሰ፣ የራሱም እግር ተሰበረ ይባላል። ገበያ ላይ ይባላል፣ ቡና ለቀማ ላይም ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲህ ልጁን ለዛፍ ሥራ የጠራው ሰው የለም። ወሬው በዚህ ተቆርጦ እንዲቀር ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ዋሽቼ ሳይሆን ዝም ብዬ። የቀረውን ግማሽ የማውቀው እኔ ስለሆንኩ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ወርቃ ከዲላ ተነስቶ በወናጎ፣ በይርጋጨፌና በጨለለቅቱ አድርጎ ወደ ጌዴብ ለሚያልፍ ሰው የምትገኝ የጌዴኦ የደጋ ቡና አገር ናት። እንግዳ ሰው መጀመሪያ ሲያየን ጫካ ውስጥ የምንኖር ይመስለዋል። ጫካ አይደለም፣ ጓሮ ነው። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ሰሳና ዝግባ ቆመዋል፤ ከሥራቸው እንሰት፣ በእንሰቱ መካከል ቡና፣ ከቡናው እግር ጎመንና ቅመማ ቅመም። ዛፎቹ በዘፈቀደ የቀሩ አይደሉም። ቅጠላቸው ረግፎ አፈሩን ያለብሰዋል፣ ጥላቸው ቡናውን ከፀሐይ ይጋርደዋል፣ ሥራቸው ያንን ሁሉ ተዳፋት ይዞ ያቆመዋል። ታደሰ ኪጴ በ2002 እ.ኤ.አ. ለዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ይህንን የጌዴኦ አያያዝ ለዓለም አስነብቧል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሪያድ ላይ በተቀመጠው የዩኔስኮ ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። ዜናውን አዲስ አበባ ሆኜ ስሰማ በደስታ አልቅሻለሁ። ዋንዛውን የጣልኩት ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ነው።

ጌዴኦ ሰው የበዛበት ምድር ነው፤ በአንዳንድ ቀበሌ በአንድ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ከ1000 በላይ ሰው ይኖራል። ስለዚህ ትልቅ ዛፍ የሚጋደምበት ባዶ ቦታ የለም። ወደየትም ቢወድቅ የሰው ጥሪት ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በእኛ ዘንድ ዛፍ ማውረድ የራሱ ሰዎች አሉት። ገመድና መጥረቢያ ይዘው ይወጣሉ፤ ቅርንጫፉን ከጫፍ ጀምረው ይመለምላሉ፤ ከባዱን በገመድ አስረው ቀስ አድርገው ያወርዱታል፤ ግንዱ ብቻውን ሲቀር ከላይ ወደ ታች እየቆራረጡ ያሳጥሩትና የቀረውን ቡናና እንሰት በማይነካበት መስመር ያስተኙታል። ሥራው ቀን ይፈጃል። ቡናው ተለቅሞ እስኪያልቅም ይጠበቃል። ልጅ ሆኜ ከሥር ቆሜ አይቻቸዋለሁ፣ ግን ባለሙያ ናቸው ብዬ አስቤ አላውቅም። ከተማ ገብቼ ከተማርኩና ደመወዝ ማግኘት ከጀመርኩ በኋላ ሙያ ማለት ማሽን ያለው፣ ቶሎ የሚያልቅ፣ ዋጋው አስቀድሞ የሚነገር ነገር ሆኖ ታየኝ። በኋላ የመጣው ጥፋት ሁሉ ከዚህ አስተሳሰብ ነው የጀመረው።

ዛፉ ከመውደቁ ከዓመታት በፊት ለእናቴ ቤት ሁለት ክፍል ልጨምርላት ወሰንኩ። ዋንዛው ከቤቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ተዳፋቱ ላይ ነበር የቆመው። ሁለት ሰው ተያይዞ ነው የሚያቅፈው። ቁልቁል፣ ወደ ጎረቤታችን ግቢ፣ ጥቂት ያዘነብላል፤ ተዳፋት ላይ ያደገ ዛፍ ብርሃን ፍለጋ እንዲህ ያደርጋል። እንዲህ አዘንብሎ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን ቆሟል። የአዲሱ ክፍል የመሠረት ቦይ የተቆፈረው በቤቱና በዛፉ መካከል ሲሆን ከግንዱ በጣም ቅርብ ነበር። ቆፋሪው ከጭኔ የሚወፍር ሥር አገኘና ጠራኝ።

«ይህን ከቆረጥነው ዛፉ አይጎዳም ወይ?» አለኝ።

ዝናብ እያንዣበበ ነበር፤ ሲሚንቶው ደግሞ ደጅ ተከምሯል። «ዛፍ ሥር አያጣም፣ ቁረጠው» አልኩት። ከዚያ በኋላ ያገኛቸውን ሳይጠይቀኝ ቆረጠ። ስለ ሥር የማውቀው ነገር አልነበረም። ቅርንጫፉ ወደ ላይ የሚሄደውን ያህል ሥሩም በቀጥታ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያ አይደለም። የአብዛኛው ዛፍ ሥር ከላይኛው የአንድ ሜትር አፈር እምብዛም አያልፍም፤ ወደ ጎን ግን ከጥላው ዳርቻ አልፎ ይሄዳል። ቁልቁል ያዘነበለን ዛፍ ከኋላ ይዘው የሚያቆሙት ደግሞ ሽቅብ የተዘረጉት ሥሮች ናቸው፤ የድንኳን ገመድ ምሰሶውን ወጥሮ እንደሚይዘው። እኔ ያስቆረጥኩት በዚያ በኩል ያሉትን ነው። የተቆረጠው ጫፍ ላይ ሲሚንቶና ድንጋይ ሞላንበት፣ ግንቡ ተሠራ፣ ቆርቆሮው ተመታ። እናቴ መረቀችኝ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በቤቱ በኩል ያሉት የዋንዛው ቅርንጫፎች መድረቅ ጀመሩ። ነፋስ ሲነሳ ደረቁ እንጨት አዲሱ ቆርቆሮ ላይ ይወድቃል። ግንዱ ሥር፣ ልክ በቦዩ ወገን፣ በዝናብ ጊዜ እንጉዳይ ይወጣ ጀመር። እናቴ በስልክ «ዛፉ አርጅቷል መሰለኝ፣ ሌሊት ያስፈራኛል» ትለኝ ነበር። አላረጀም ነበር። በዚያ በኩል ሥር ስለሌለው በዚያ በኩል ያለው አካሉ ተራበ፤ በተቆረጠውም በኩል መበስበስ ገባበት። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ያኔ የታየኝ እናቴን የሚያስፈራት ዛፍ ብቻ ስለሆነ በሚቀጥለው ፈቃዴ መጥቼ ላስወግድላት ቃል ገባሁ።

ፈቃዴ በጥቅምት ደረሰ። ጥቅምት ለዚህ ሥራ ክፉ ወር ነው። መሬቱ የዝናቡን ውኃ ጠጥቷል፤ ዋንዛው ቅጠሉ ሞልቶ፣ ነጭ አበባውን አውጥቶ፣ በክብደቱ ላይ ክብደት ጨምሯል። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ግንድ ከግማሽ ቶን በላይ፣ አንዳንዴም ወደ አንድ ቶን እንደሚመዝን አላውቅም ነበር። ከሥሩ ያለው ቡና ደግሞ መቅላት ጀምሯል። አንድ የሰፈራችን አዛውንት፣ በጉብዝናቸው ዘመን ዛፍ ይወጡ ከነበሩት አንዱ፣ ሐሳቤን ሰምተው መጡ። ግንዱን ዞረው አዩት፣ በመዳፋቸውም መቱት።

«አንተ ልጅ፣ ቀይ ቡና ላይ ነው የምትጥለው? ጥር ይግባ። ያኔ የሚወጡ ልጆች አመጣልሃለሁ፣ ከላይ ጀምረው ያወርዱታል።»

«አባባ፣ ዛፉ ጥርን የሚጠብቅ አይመስለኝም።»

«የማይጠብቀው ዛፉ ነው ወይስ አንተ?»

መልስ አልሰጠኋቸውም። ሥራው ስንት ቀን ይፈጃል ብዬ ጠየቅኩና ሲነግሩኝ ሆዴ እንቢ አለ። ዋጋውም ሞተር መጋዝ ካለው ሰው ይበልጥ ነበር። አክብሬ ሸኘኋቸው።

ወጣቱን ያገኘሁት ባሕር ዛፍ ሲጥል አይቼ ነው። በመንገድ ዳር አንድ መስመር ባሕር ዛፍ እያጋደመ ነበር። እጁ ፈጣን ነው፤ ግንዱን ባሰበው መስመር ላይ ያስተኛዋል። እንዲህ የሚችል ሰው ማንኛውንም ዛፍ ይችላል አልኩ። ይህ ትልቅ ስህተት ነበር፤ ስህተቱም የእሱ ሳይሆን የእኔ ነው። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ መጥቶ ለማገዶና ለቤት ሥራ የተስፋፋ፣ ሊቆረጥ ተብሎ የሚተከል ዛፍ ነው። በልጅነቱ ይቆረጣል፣ ቀጥ ያለ ነው፣ ቅርንጫፉ ከላይ የተሰበሰበ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚወድቀው እንደራሱ ባሉ ግንዶች መካከል ነው። አሮጌ ዋንዛ ሌላ ፍጥረት ነው። ቅርንጫፉ በየአቅጣጫው ክብደት ይዞ ይዘረጋል፤ ግንዱ ይጣመማል፤ ውስጡ ጤነኛ ይሁን የበሰበሰ ከውጭ አይታወቅም። ልጁ የሚያውቀውን ሥራ በደንብ ያውቃል። ወደማያውቀው የወሰድኩት እኔ ነኝ።

ሊያየው ሲመጣ የጠየቅኩት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ስንት ትጠይቃለህ፣ ዛሬ ትጨርሰዋለህ ወይ። ወደየት እንደሚጥለው፣ ባሰበው በኩል ባይሄድ ምን እንደሚያደርግ፣ ሰው የት እንደሚቆም፣ እሱ ራሱ ግንዱ ሲነሳ በየት በኩል እንደሚሸሽ አልጠየቅኩም። የመብራት ሽቦ በቅርንጫፎቹ አጠገብ ያልፍ ነበር፤ ኃይሉ እንዲቋረጥ ለሚመለከተው ማመልከት እንደሚገባ አላሰብኩም። ከቀበሌም ከግብርና ጽሕፈት ቤትም ፈቃድ አልጠየቅኩም። ዋንዛ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ በስም ከጠራቸው አራት ዛፎች አንዱ ነበር፤ ሌሎቹ ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ነበሩ። የእኛ ዛፍ በግል ጓሮ የቆመ ቢሆንም ይህ ብቻ እንኳ ቆም ብዬ ሰው እንድጠይቅ ሊያደርገኝ ይገባ ነበር። ደግሞም ፈቃድ ብጠይቅ ኖሮ የደን ባለሙያ መጥቶ ያየው ነበር፤ ቢያየው ደግሞ ቦዩን ይጠይቀኝ ነበር።

ልጁ ግን ጠይቆኛል። ዞሮ ዞሮ ካየው በኋላ መጋዙን መሬት አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ከላይ ቢጀመር አይሻልም? ነገ የሚወጣ ሰው ፈልጌ፣ ጥሩ ገመድ ይዤ ልምጣ።»

«ነገ ወደ አዲስ አበባ መንገድ እጀምራለሁ። ዛሬ ካልቻልክ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አልኩት።

ገንዘቡን ይፈልገው ነበር። መጋዙ በዱቤ የተገዛ መሆኑን በኋላ ሰማሁ። አንገቱን ደፋና ሥራ ጀመረ። በኋላ ነገሩን ባዩት ሽማግሌዎች ፊት ያልተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው።

ያሰብነው ዛፉን ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን፣ በግቢያችን ሣር ላይ ለማስተኛት ነበር። በዚያ በኩል ግንዱ ተቆርጦ አፍ ተከፈተለት። ሰዎች ገመድ ይዘው ይስቡ ጀመር፤ ገመዱ ግንዱ ላይ ዝቅ ብሎ ስለታሰረ ብዙ አልጠቀመም። ከኋላ ሲቆረጥ ግንዱ በመጀመሪያ ወደፈለግነው ወገን ተነቃነቀ። ከዚያ ከቦዩ በኩል አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማ፣ ዛፉም በራሱ ላይ ዞረ። ቁልቁል ሄደ። የግንዱ ታችኛ ጫፍ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ልጁን እግሩ ላይ መታው። አናቱ የጎረቤታችንን ማድ ቤት ደረመሰው፤ ሽቦውን በጥሶ እርጥብ መሬት ላይ ጣለው፤ ከቤቷ በላይ ያለውን የእንሰት ረድፍና ቀይ ፍሬ የያዘውን ቡና ከሥሩ አደረገው። ማድ ቤቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ባዶ ያደረግነው ግን እኛ አይደለንም። ዛፍ ልንጥል መሆኑን ለጎረቤቴ ሄጄ አልነገርኳትም። ቁልቁል ያዘነበለውን ወደ ጎን እናስተኛዋለን ብለን ስለነበር ለእሷ የሚያሰጋ አልመሰለኝም። እሳት አንድዳ ለሆነ ጉዳይ ወጣ ማለቷ ብቻ ነው ያተረፋት። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል።

ልጁን በመኪና ወደ ዲላ ወሰድነው። አጥንቱ በሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ታክሞ ተነሳ፣ ይሄዳል፣ ግን ያነክሳል። መጋዝ ይዞ ተዳፋት ላይ መቆም አይችልም።

አዲስ አበባ ተመልሼ አንድ የሕግ ባለሙያ ወዳጄን አማከርኩ። ለምን እንዳማከርኩት መደበቅ አልፈልግም፤ ከኃላፊነት የምወጣበት መንገድ እንዳለ ለማወቅ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በጥፋቱ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ መካስ አለበት ይላል። ነገር ግን ነጻ ሆኖ በራሱ መንገድ የሚሠራ ሰው ላደረሰው ጥፋት ሥራውን የሰጠው ሰው የማይጠየቅበት ሁኔታ እንዳለም ወዳጄ ነገረኝ። መጋዙ የልጁ ነው፣ ሥራውን የያዘው በቁርጥ ዋጋ ነው። በዚህ ብከራከር ምናልባት እረታ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ይህን ክርክር በጭንቅላቴ አዘጋጀሁት፤ ያ ሌሊት ከሠራኋቸው ሥራዎች ሁሉ ያሳፍረኛል። የተሰበረ እግር ያለውን ልጅ በሕግ ቋንቋ ከእኔ ለማራቅ ነበር የምደክመው።

አልተከራከርኩም። ነገሩ በሶንጎ ታየ። ሶንጎ በጌዴኦ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሸንጎ ነው። ጎረቤቴ መጀመሪያ ተናገረች። ጮክ አላለችም።

«ማድ ቤቱን ትሠራልኛለህ፣ አውቃለሁ። እንሰቱን ግን ማን ያሳድግልኛል?»

ይህ ጥያቄ ከከተማ ሰው ይልቅ ለእኛ አገር ሰው ይገባዋል። ቡና ተተክሎ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይወስዳል። እንሰት ለቆጮ እስኪደርስ አራት ዓመትም፣ በደጋው ከዚያ የበለጠም ይጠበቃል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚተከል እንሰት በየዓመቱ ለሚደርሰው ተተኪ ሆኖ በረድፍ ይቆማል። እኛ የጨፈለቅነው የአንድ ዓመት ምግብ ሳይሆን የረድፉን መካከል ነው። ገንዘብ ቢሰጣት ገበያ ወጥታ ቆጮ ልትገዛ ትችላለች፤ በቤቷ ጓሮ ቆሞ የክፉ ቀን መጠባበቂያ የሚሆነውን ግን መግዛት አይቻልም። ሽማግሌዎቹ በጥንቃቄ ተወያዩ። ማድ ቤቱን እንድሠራ፣ የቡናውን ምርት ችግኙ እስኪደርስ በየዓመቱ እንድክስ፣ እንሰቱን ከእኛ ጓሮ ከደረሰው እየሰጠን ረድፏ እስኪሞላ እንድንቀጥል ተስማማን። እስካሁን እየፈጸምኩ ነው።

ከዚያ ልጁን ጠየቁት። «ገመድ ለምን ከላይ አላሰርክም? ለምን ከላይ አልጀመርክም?» አሉት። ክራንቹን ተደግፎ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አየኝ፣ መልሶ መሬት አየ። «ጥፋቴ ነው» አለ። እንዲህ ያለው ስለሚፈራኝ ይሁን ስላከበረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ያስቸኮልኩት እኔ መሆኔን መናገር የነበረብኝ በዚያች ደቂቃ ነው። አልተናገርኩም። ቆሜ የሕክምናውንም ወጪ እንደምሸፍን ብቻ ተናገርኩ። አንድ ሰው «ጨዋ ልጅ ነው፣ በልጁ ጥፋት እሱ ከፈለ» አለ፤ ሌሎችም ተቀበሉት። ምስጋናውን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። የራሴን ዕዳ ከፍዬ እንደ ደግ ተቆጠርኩ፤ እውነት ሊናገር ይችል የነበረው ልጅ ደግሞ ሙያውን አጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከጥቂት ወራት በኋላ እናቴን ከቤቱ ኋላ ያለው ዝግባም ያስፈራት ጀመር። በዚህ ጊዜ ወንዶ ገነት የተማረ የደን ባለሙያ ለምኜ አመጣሁ። ወንዶ ገነት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ የደን ሰዎችን ያስተማረ ተቋም ነው፤ ከዲላም ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ቀድሞውኑ ብፈልግ ኖሮ እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ባለሙያው ዝግባውን በእንጨት መዶሻ እየደበደበ ዞረ፣ ድምፁን አዳመጠ፣ የሥሩን አንገት ከአፈር አውጥቶ አየ፣ ቤቱና ሽቦው ያሉበትን ለካ። ብዙ ሰዓት ቆየ። ከዚያ «ይህ ዛፍ አይቆረጥም። ጤነኛ ነው። ከላይ ያሉት ደረቅ ቅርንጫፎች ይውረዱ፣ ይበቃል» አለን። ሥራው ሲያንስበት ምንም አልመሰለውም። ዋንዛውን ከማስጣሌ በፊት እንዲህ የሚለኝ ሰው ፈልጌ አለማወቄ ያቆስለኛል። ደረቆቹን ቅርንጫፎች እኚያ አዛውንት ያመጧቸው ልጆች ወጥተው በገመድ አወረዷቸው፤ አንድ የቡና ቅርንጫፍ አልተሰበረም።

ሲወጣ ባለሙያው የዋንዛውን ጉቶ አየና ቆመ። ምን እንደደረሰ ነገርኩት። ተንበርክኮ በጣቱ የጉቶውን ላይኛ ወገን ጫን ሲለው እንጨቱ እንደ ዱቄት ገባለት። ከዚያ እዚያው ላይ እየጠቆመ አስረዳኝ። ዛፍ ሲጣል፣ አለኝ፣ እንዲወድቅ በሚፈለግበት ወገን ከግንዱ ወርድ ሩብ እስከ ሲሶ የሚሆን አፍ ይከፈትለታል፤ ከኋላ ሲቆረጥ ደግሞ በሁለቱ መካከል ሳይቆረጥ የሚተው ስስ እንጨት አለ። አንድ ሜትር ወርድ ላለው ግንድ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ማጠፊያው እሱ ነው። ዛፉን እስከ መጨረሻው ይዞ ወደታሰበው ቦታ የሚመራው እሱ ነው። ወደ ጎን የሚጣል ያዘነበለ ዛፍ ሲሆን ከዝንባሌው ተቃራኒ ያለው የማጠፊያው ጫፍ ክብደቱን ሁሉ ይሸከማል። በእኛ ዛፍ ያ ጫፍ የነበረው በላይኛው ወገን፣ በቦዩ በኩል ነው። እዚያ ጤነኛ እንጨት አልነበረም። «የቆረጠው ልጅ አፉን በትክክል ነው የከፈተው» አለኝ፤ «ማጠፊያውንም ትቷል፣ ይኸው ይታያል። የያዘለት እንጨት ነው የጠፋው። በዚህ በኩል ሥር ተቆርጦ ነበር ወይ?»

«አዎ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው የተናገርኩት ያኔ ነው፤ እሱም የአገሩ ሰው ስላልሆነና ስለሚሄድ ይመስለኛል የደፈርኩት።

እንዲህ ባለ ዛፍ ላይ እሱ ራሱ ከሥር መቁረጥ እንደማይጀምር ነገረኝ። ከላይ ማቅለል፣ ሽቅብ በጤነኛ ዛፍ ላይ በወፍራም ገመድ ማሰር፣ ከዛፉ ቁመት እጥፍ በሆነ ርቀት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ማስወጣት፤ ይህ በየአገሩ ያሉ የደን ሠራተኞች የሚጠብቁት ደንብ ነው። የዛፍ ቆረጣ በዓለም ላይ ሰው ከሚሞትባቸው ሥራዎች ግንባር ቀደም አንዱ በመሆኑ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1998 እ.ኤ.አ. ለደን ሥራ የደህንነት መመሪያ አውጥቷል። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የማስበው ስለ መመሪያው አልነበረም። አዛውንቱ ያኔ ከቆሙበት ቦታ ሆነው «ከላይ ያወርዱታል» ያሉኝን፣ ልጁም «ከላይ ቢጀመር» ብሎ የለመነኝን ነው የማስበው። የተማረው ባለሙያ የነገረኝ በሙሉ በሰፈሬ ሁለት ጊዜ ተነግሮኝ ነበር።

ይህን ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ። በየጊዜው ወርቃ ስሄድ ወሬውን እሰማለሁ፤ አንዱ ልጁን «ያ ባሕር ዛፍ ቆራጭ» ሲለው አጠገቡ ቆሜ ቡና እጠጣለሁ። ለልጁ ቤተሰብ በየጊዜው ገንዘብ እሰጣለሁ፣ ያንንም ሰዎች ያመሰግኑልኛል። ገንዘቡ አፌን የምዘጋበት እየሆነ መምጣቱን አየሁ።

በቅርቡ ስልክ ደወልኩለትና ስለ ቦዩ፣ ስለ ሥሩ፣ ባለሙያው ጉቶው ላይ ስላሳየኝ ነገር ሁሉ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ማታ ማታ አፉን የት እንደከፈትኩ፣ የት እንደሳትኩ እያሰብኩ ነው የምተኛው» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር አልኩህ አላለኝም፣ እኔም አላስቸኮልኩትም።

ሽማግሌዎቹ ሶንጎው ዳግም እንዲቀመጥልኝ ለምኛቸዋለሁ፤ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ በጥር፣ ይቀመጣል። ለእናቴም ከዚያ በፊት እነግራታለሁ፤ የመረቀችኝ ቤት መሠረት ላይ የሠራሁትን ከሌላ ሰው እንድትሰማ አልፈልግም። ልጁ የተናገረውን «ጥፋቴ ነው» የሚለውን ቃል እዚያው በተናገረበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት እወስድለታለሁ። ጉቶው አልተነቀለም። ሊያይ የሚወድ ሁሉ ግቢያችን ይግባ፤ ቦዩ የት እንደነበረ፣ የትኛው ሥር በእኔ ትእዛዝ እንደተቆረጠ አሳየዋለሁ።